«እንደ አባቴ እሆናለሁ?» የልጅነት ኑሮ በወጣትነት ጤናና ጠባይ ላይ ስለሚያሳድረው ነገር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። ያደግኩት ሐይቅ ከተማ አካባቢ ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። አባቴ ጠጥቶ ሲገባ እናቴንም እኔንም ይደበድብ ነበር። ስድስት ዓመቴ ላይ እናቴ ዓረብ አገር ሄደች፤ ዘጠኝ ሲሞላኝ የአባቴ እናት ወስዳ አሳደገችኝ። እማዬ የምለው እሷን ነው፤ እናቴን በስሟ ነው የምጠራት። አሁን ሆዴን ያቃጥለኛል፤ የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ደጋግሜ ወሰድኩ፣ በኤንዶስኮፒም ታየሁ፣ ምንም የለብህም ተባልኩ። ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። እንቅልፍ የለኝም። ከሰዓት እቅማለሁ፣ ማታ ለመተኛት እጠጣለሁ። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው በትንሽ ነገር ተናድጄ ብርጭቆ ከግድግዳ ጋር አላተምኩ፤ እሷ ፊቷን በእጇ ስትሸፍን አባቴ ትዝ አለኝ። ይህ ሁሉ ከልጅነቴ የመጣ ነው ወይስ ሰበብ እየፈለግሁ ነው? እንደ አባቴ እሆናለሁ? አያቴ ደግሞ ‹አባትህ እኮ በ77 የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ አዝዬው ባቲ መጠለያ ገብቼ ያተረፍኩት ነው፤ አሁን ታሟል፣ ሄደህ ይቅር በለው› ትለኛለች። ምን ይሉኛል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ብርጭቆው ልናገር። ሌላው ጊዜ ይሰጠናል፤ ይህ አይሰጥም። ባለቤትህን አልመታሃትም፤ ግን ፊቷን ሸፍናለች። ሰው ፊቱን የሚሸፍነው ቀጥሎ የሚመጣው በእሱ ላይ ነው ብሎ ሲያምን ነው። ስለዚህ የልጅነትህ ጉዳይ እስኪፍታታ ሳትጠብቅ፣ ልብህ ሰከን ባለበት ሰዓት አጠገቧ ቁጭ በልና አንድ ነገር ተስማሙ፤ ቁጣው ሲመጣብህ ከቤት ትወጣለህ። ስትወጣም «ግማሽ ሰዓት ዞር ብዬ እመጣለሁ» ብለህ ነግረሃት ነው፤ ባልክበት ሰዓትም ትመለሳለህ። ሳትናገር ወጥተህ ብታመሽ በፍርሃቷ ላይ ሌላ ፍርሃት ትጨምርባታለህ። እግርህም ወደ ግሮሰሪ አይሂድ። እጅህ አንድ ቀን እንኳ ቢነሣባት ወደ ቤተሰቧ ወይም ወደምታምነው ሰው መሄድ መብቷ መሆኑን አንተው ራስህ ንገራት። ይህን ማለት ይከብዳል፤ ከአንተ አፍ መስማቷ ግን ብዙ ነገር ያቀልላታል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሰበብ እየፈለግህ አይደለም። የዘረዘርካቸው የሆድ ማቃጠል፣ የልብ ምት፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ቁጣው፣ ጫቱና መጠጡ በየፊናቸው የመጡ ሕመሞች አይመስሉኝም። እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ጫፍ ይዘን ብንጎትት ሌላው አብሮ ይመጣል።

ፋብሪካው ውስጥ ያለውን ነገር እንመልከተው። ማሽኑ ይጮኻል፤ የፈረቃ ኃላፊህ ከጀርባህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራሃል። ምን እንዳለ ገና አልሰማህም። ድምፁ ግን አንጎልህ ውስጥ አሚግዳላ ወደሚባለው፣ አደጋን ቀድሞ ወደሚያሸተው ክፍል ደርሷል፤ ይህ ክፍል የቃሉን ትርጉም አይጠብቅም። ወዲያው ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደምህ ይለቃሉ። ልብህ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃህ ወደ ጡንቻህ ይሄዳል፣ አፍህ ይደርቃል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ከኋላው ኮርቲሶል የሚባለው ንጥረ ነገር ይመጣና ሰውነትህን ለረጅም ጊዜ ነቅቶ እንዲቆም ያደርገዋል። ኃላፊህ የፈለገው «ያን ካርቶን አቀብለኝ» ለማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። አንተ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት የምትሠራው ተጣልቶ እንደወጣ ሰው ሆነህ ነው።

ጅብ በሚበዛበት ቆላ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ዘሎ ይነሣል፤ ከተማ ገብቶም ጆሮው ያንኑ ያደርጋል። አንተም በስድስትና በሰባት ዓመትህ የአባትህን ኮቴ ከደጅ ሰምተህ ጠጥቷል ወይስ አልጠጣም ብለህ ትለይ እንደነበር እገምታለሁ። እንዲህ ባለ ቤት ያደጉ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ይነግሩኛል፤ የበሩን አከፋፈት፣ የቁልፉን ድምፅ፣ የሳሉን ዓይነት ሁሉ ያስታውሳሉ። በዚያ ቤት ይህ ጆሮ ጠቅሞሃል፤ ከአልጋ ሥር ለመግባት ወይም ወደ ጎረቤት ለመሮጥ ጊዜ ሰጥቶሃል። ማንኛውም ሕፃን ይደነግጣል፤ ደንግጦ ሲያለቅስ አንድ ትልቅ ሰው ካቀፈው ልቡ ይመለሳል፣ ኮርቲሶሉም ይወርዳል። ድንጋጤው በየቀኑ ከመጣ፣ ሊያባብለው የሚገባው ሰው ደግሞ ራሱ አስፈሪው ከሆነ፣ ወይም ልታባብለው የምትችለዋ አብራው እየተደበደበች ከሆነ፣ ገና በማደግ ላይ ያለው አንጎል ዓለም ማለት እንዲህ ናት ብሎ ይማርና ራሱን በዚያው ልክ ይሠራል። ያ ልክ ነው ዛሬ 24 ዓመትህ ላይ ሰላም ባለበት ቤትም አብሮህ የገባው።

ስለ ሆድህ። ኤንዶስኮፒው ምንም አላሳየም ማለት ሆድህን አያምህም ማለት አይደለም። ጨጓራና አንጀት የራሳቸው ሰፊ የነርቭ መረብ አላቸው፤ ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ በኩልም ከአንጎል ጋር ቀንና ሌሊት ይነጋገራሉ። ሰውነቱ ሁልጊዜ ለአደጋ የተዘጋጀ ሰው የጨጓራው እንቅስቃሴ ይዛባል፣ ነርቮቹም በቀላሉ ይቆጣሉ፤ ለሌላው ሰው የማይሰማው ትንሽ አሲድ እሱን ያቃጥለዋል። በእኛ አካባቢ «ጨጓራ አለብኝ» ከሚሉ ወጣቶች ብዙዎቹን ጠጋ ብሎ ላነጋገራቸው ሕመሙ የጭንቀት ወይም የድብርት ሆኖ ይገኛል። ልብ የሚጨነቀውን ሆድ ይናገረዋል፤ ለጨጓራ ክሊኒክ መሄድ አያሳፍርም፣ ለጭንቀት መሄድ ግን ያሳፍራል። ይህ ኀፍረት ብዙ ሰው ለዓመታት ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ እየዋጠ እንዲኖር አድርጎታል፤ ያሳዝነኛል። አንተ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ ያለምክንያት ክብደት ከቀነስክ፣ ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከህ ወይም ምግብ መዋጥ ካስቸገረህ «የጭንቀት ነው ተብያለሁ» ብለህ አትቀመጥ፤ ተመልሰህ ታይ።

የልጅነት መከራ በትልቅነት አካልን እንደሚያሳምም በስፋት የታወቀው አሜሪካ ሳንዲዬጎ ውስጥ በተሠራ ጥናት ነው። ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን የሚያክም ክፍል ነበራቸው፤ ክብደታቸው በጥሩ ሁኔታ እየቀነሰ ሳለ ሕክምናውን ጥለው የሚሄዱ ሰዎች ነገር ግራ አጋባቸው። ጠጋ ብለው ሲጠይቋቸው ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተደፈሩ ሆነው ተገኙ። ከዶክተር ሮበርት አንዳ ጋር ሆነው ሥራውን ወደ ትልቅ ጥናት አሳደጉት፤ የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ፣ በጠቅላላው ከ17,000 በላይ ሰዎች ተሳተፉበት። ጥያቄዎቹ ድብደባን፣ ስድብን፣ መደፈርን፣ በቤት ውስጥ እናት ስትመታ ማየትን፣ የመጠጥ ሱስ ያለበት ሰው አብሮ መኖሩን የመሳሰሉ ነበሩ። ከእነዚህ አራትና ከዚያ በላይ የደረሱበት ሰው አንዱም ካልደረሰበት ሰው ጋር ሲነጻጸር ለመጠጥ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያለው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ በጠባይ ብቻ አላበቃም፤ የልብ፣ የሳንባና የጉበት በሽታም መከራው በበዛ ቁጥር ይበዙ ነበር። ኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972ና በ1973 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆችን እስከ ጎልማሳነት የተከታተለው ጥናት ደግሞ በልጅነታቸው የተበደሉት ሰዎች በ32 ዓመታቸው ደማቸው ውስጥ የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ምልክት ከፍ ብሎ አግኝቷል። ሐዘን በደም ምርመራ ታየ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህን ካነበብክ በኋላ ነጥብህን ቆጥረህ በራስህ ላይ ፍርድ እንዳትሰጥ። ዶክተር አንዳ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ቆጠራ ለሕዝብ ጤና ጥናት እንጂ የአንድን ሰው መጪ ሕይወት ለመተንበይ እንዳይውል አስጠንቅቀዋል። እኩል ነጥብ ያላቸው ሁለት ሰዎች ሕይወታቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ደግሞም የመጀመሪያው መጠይቅ የተዘጋጀው የጤና መድን ላላቸው አሜሪካውያን ነው፤ ጦርነት የለበትም፣ ረሃብ የለበትም፣ ዓረብ አገር የሄደች እናት የለችበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ ባዘጋጀው መጠይቅ ጦርነትና በአካባቢ የሚደርስ ጥቃት ተካተዋል። አንተ አልጻፍከውም እንጂ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሃያ ዓመት ገደማህ ነበር። ያን ጊዜ የትም ብትሆን በዚያ ወር ወሎ ውስጥ ያለፈው ነገር በቀድሞው ላይ ተደርቦብሃል። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ እሱንም ተናገር፤ ብዙ ወጣቶች «ሁሉም ሰው ያለፈበት ነው» እያሉ ይዘሉታል።

አያትህ ስለ 77 የነገረችህን እንዲሁ አላልፈውም። ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ77ቱ ረሃብ ወቅት ሕፃናት የነበሩ ኢትዮጵያውያንን ካደጉ በኋላ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። ረሃቡ በከፋበት ሰዓት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ውስጥ የነበሩት ሲያድጉ ቁመታቸው ቢያንስ በ5 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ተገኝቷል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ የሚታመሙትም የበለጠ ነበር። አባትህ በትክክል በዚያ ዕድሜ ላይ ነበር። ያ ዕድሜ አንጎል በፍጥነት የሚያድግበት ነው፤ ረሃብ፣ የመጠለያ በሽታና የእናት ሐዘን አንድ ላይ የወደቁበት ሕፃን ጉዳቱ በሰውነቱ ይቀራል። ይህን የምነግርህ ቤታችሁ ውስጥ የነበረው መከራ በአንተ እንዳልጀመረ እንድታውቅ ነው። ሆኖም ረሃቡን ያዩ፣ በዚያው መጠለያ ያደሩ፣ ልጃቸውን ግን አንድም ቀን ያልመቱ አባቶች ወሎ ውስጥ በየቀበሌው አሉ። ዱላውን ያነሣው አባትህ ነው፤ ለእሱም ተጠያቂው እሱ ነው። አንተ ስታዝንለትም ስትቆጣውም ትክክል ነህ።

«እንደ አባቴ እሆናለሁ?» ላልከው የተጠና መልስ አለው። ጆአን ካውፍማንና ኤድዋርድ ዚግለር እ.ኤ.አ. በ1987 እስከዚያ የነበሩትን ጥናቶች አገናዝበው ከደረሱበት ግምት፣ በልጅነታቸው የተበደሉ ወላጆች ልጃቸውን የሚበድሉት ወደ 30 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህ ካልተበደሉት ወላጆች በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ስጋትህ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከአሥር ሰባቱ ሰንሰለቱን ቆርጠውታል። የቆረጡት ሰዎች ምን ነበራቸው ተብሎ ሲጠየቅ በተለያዩ ጥናቶች ተደጋግመው የሚመጡ ነገሮች አሉ፤ በልጅነታቸው የወደዳቸው አንድ ትልቅ ሰው፣ አሁን የሚደግፍ የትዳር ጓደኛ፣ የደረሰባቸውን ነገር በደል ብለው ጠርተው መናገር መቻል። አንተ ሦስተኛውን በዚህ ደብዳቤ ጀምረኸዋል።

የመጀመሪያውን ደግሞ አያትህ ሰጥታሃለች። ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ በሃዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትለዋል። በድህነት፣ በጠብና በሱስ መካከል ካደጉት ልጆች ሦስት እጅ አንዱ ብቁና ሰው ወዳድ ሆነው አደጉ፤ ከእነሱ ጀርባ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ የማይለዋወጥ ሰው ነበር፤ ብዙ ጊዜም አያት። ለአንተ ከዚህ ይበልጥ ሊያጽናናህ የሚገባው ሌላው ውጤት ነው፤ በጉርምስናቸው ችግር ውስጥ ከገቡት መካከልም ብዙዎቹ እስከ 40 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ተመልሰዋል። ጥሩ ትዳር፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ የሃይማኖት ማኅበር መልሷቸዋል። አያትህ በዘጠኝ ዓመትህ ስትወስድህ ምናልባት ያደረገችው በጣም ቀላል ነገር ነበር፤ እራት በሰዓቱ፣ ማታ ቡና አፍልታ ምርቃት፣ ነገም እዚሁ እንደምታገኛት ማወቅ። ለሚፈራ ልጅ ከዚህ የበለጠ መድኃኒት የለም።

ስለ እናትህም አንድ ነገር ልበል። በስሟ መጥራትህ ክፉ ልጅ አያደርግህም። በቦሩ፣ በሐይቅ፣ በመርሳ፣ በከሚሴ በኩል እናቱ ዓረብ አገር ሆና ያደገ ልጅ ብዙ ነው፤ ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል፣ ድምፁ በስልክ ይመጣል፣ ሰውየዋ አትመጣም። ልጅን ደግሞ ከሰው ጋር የሚያስረው የሚያጎርሰው እጅ ነው። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ከሚያሳዩት አንዱ ጠባይ የሚወዱት ሰው ትንሽ ሲዘገይ «ሊተወኝ ነው» ብለው መደንገጥና ድንጋጤውን በቁጣ ማውጣት ነው። ብርጭቆውን የወረወርክበት «ትንሽ ነገር» ምን እንደነበር መለስ ብለህ አስብ። ባለቤትህ ዘግይታ ነበር? ስልክ አላነሣችም ነበር? እናትህ የሄደችው የሚደበድባትን ሰው ሸሽታ ሊሆን እንደሚችልም አንድ ቀን በእርጋታ መጠየቅ ትችል ይሆናል። አሁኑኑ አስፈላጊ አይደለም።

ወደ ጫቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥብቅ እሆናለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ልክ ያን አድሬናሊን የምንለውን መንገድ ነው የሚቀሰቅሰው። ልብህ አስቀድሞ ይመታል፤ አንተ ታክልበታለህ። ሆድህ ያቃጥላል፤ ጫቱ ምግብ ይዘጋብሃል፣ ባዶ ጨጓራ ላይ ለስላሳና ቡና ይጨመርበታል። ምርቃናው ሳለ ነገር ሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ሲወርድ ደግሞ ድብርቱና ንጭንጩ ይመጣል። ያን ለመስበር ጨብሲ ትገባለህ። አልኮሉ ያስተኛሃል፣ ግን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ራሱ ይቀሰቅስሃል፣ የቀረው እንቅልፍ ቅዠት ይሆናል። በነጋታው ሐራራው ተነሥቶ ሰው ሲናገርህ ትነድዳለህ። ቁጣ የበዛበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ደብተር ላይ ብትጽፈው አብዛኛው በርጫው ካለቀ በኋላ ወይም ባልቃምክበት ቀን ማለዳ ሆኖ ታገኘዋለህ ብዬ አስባለሁ። የፈረቃ ሥራውም የራሱን ይጨምራል። ይህ ሁሉ የጠባይህ ክፋት አይደለም፤ ሰላም ያጣ ሰውነት ያገኘውን መድኃኒት ሲወስድ ነው። መድኃኒቱ ግን በሽታውን እየመገበው ነው።

ስትተው ከመጠጡ ጀምር፤ በተለይ ከምርቃና በኋላ የሚጠጣውን። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣና ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጠው በመጠጥ እጦት የሆነ ከመሰለህ ግን በአንድ ቀን አታቁም፤ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይከታተልህ። ጫቱን ቀኑን እያራራቅህና መጠኑን እያሳነስክ ቀንስ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል፣ ትደክማለህ፣ ክፉ ሕልም ታያለህ፣ ትነጫነጫለህ፤ ያልፋል። ለባለቤትህ አስቀድመህ ንገራት፤ ካላወቀችው በእሷ የተቆጣህ ይመስላታል። ከጓደኞችህ ጋር የምትቅምበትን ሰዓት የሚሞላልህ ሌላ ነገርም ያስፈልግሃል፤ ኳስ ይሁን፣ የሰፈር ሥራ ይሁን፣ ሰው ያለበት ይሁን። ብቻህን ቤት ቁጭ ብለህ ጫት መተው ለአንተ ዓይነቱ ሰው በጣም ከባድ ነው።

ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። ካርድ ስታወጣ «ጨጓራ» ብለህ አትመዝገብ። እንዲህ በል፤ «በልጅነቴ ስደበደብ ነው ያደግኩት፤ አሁን እንቅልፍ የለኝም፣ እደነግጣለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ልጅ ሊወለድልኝ ነው።» ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ብዙ መንገድ ታሳጥርለታለች። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለተሰማህ ነገር 9 ጥያቄ ያለው የድብርት መጠይቅ ሊሰጡህ ይችላሉ፤ አሳምረህ አትመልስ፣ እንዳለ መልስ። የንግግር ሕክምና ካገኘህ ዋናው እሱ ነው። ጥሩ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን የተደበደብክበትን ሁሉ አውጣ አይልህም፤ መጀመሪያ ሰውነትህን ማረጋጋት ያስተምርሃል፣ ትዝታው በኋላ በልኩ ይመጣል። እንደ ፍሎክሰቲን ያለ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ከታዘዘልህ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለህ አትጣለው። ዳያዚፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ከፋርማሲ በራስህ እየገዛህ ከመጠጥ ጋር እንዳትቀላቅል ግን አደራ እላለሁ፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ጠበልም ይሁን ዱዓ የምታደርገውን ቀጥል፤ ሕክምናው ያንን ተው አይልህም፣ ጠበሉም ኪኒኑን ተው ሊልህ አይገባም። መኖር የሚያስጠላህ፣ ራስህን የማጥፋት ሐሳብ የሚመጣብህ ሰዓት ካለ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ የዚያኑ ዕለት ሰው ይዘህ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

እስከዚያው ልብህ መምታት ሲጀምር የምታደርገውን ልንገርህ። እግርህን መሬት ላይ አጥብቀህ አሳርፍ። በአፍንጫህ እስከ አራት እየቆጠርክ አየር ወደ ውስጥ ሳብ፣ ስታወጣ እስከ ስድስት ወይም ሰባት ቁጠር። ትንፋሽ ሲወጣ ሲረዝም ያ ቬገስ ያልኩህ ነርቭ የልብን ምት ያዘገየዋል። ከዚያ ዙሪያህን አይተህ የምታያቸውን አምስት ነገሮች በልብህ ጥራ፤ ማሽኑ፣ ካርቶኑ፣ ኃላፊው፣ በሩ፣ ሰዓቱ። ለአሚግዳላህ ያለህበት ቦታ ሐይቅ ያለው የአባትህ ቤት እንዳልሆነ የምታሳየው እንዲህ ነው። ባልደነገጥክበት ሰዓትም በየዕለቱ ተለማመደው፤ በድንጋጤ ሰዓት ብቻ የተሞከረ ነገር አይሠራም። ቁጣን የሚገታው የግንባር አንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ ማደጉን አያቆምም፤ የተለማመድከው ነገር የሚጠልቅበት ዕድሜ ላይ ነህ።

ስለሚወለደው ልጅ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ጃማይካ ኪንግስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በምግብ እጥረት የቀጨጩ 129 ሕፃናት በጥናት ተካተው ነበር። ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄደች፣ ከቤት ዕቃ በተሠሩ መጫወቻዎች እናትየዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ታሳይ ነበር፤ ለሁለት ዓመት። እነዚያ ልጆች 22 ዓመት ሲሞላቸው ገቢያቸው ጉብኝቱን ካላገኙት በ25 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ በድብድብና በከባድ ጠብ ውስጥ መግባታቸውም ያነሰ ነበር። ውድ ነገር አልተሰጣቸውም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳን፣ ጨዋታና ወሬ ነው። አባት ደግሞ ይህን እንደ እናት ሊያደርገው ይችላል። ልጅህ ሲያለቅስ ልብህ እንደሚመታ፣ ለቅሶው ጆሮህን እንደሚቀድ ከአሁኑ እወቅ፤ እንዲህ ያደጉ ወላጆች ላይ ይህ ይበዛል። ያን ጊዜ ሕፃኑን ጠፍጣፋ ቦታ በጀርባው አስተኝተህ ሁለት ደቂቃ በር ላይ ቆመህ ተንፍስ፣ ከዚያ ተመለስ። ሕፃን በፍጹም አይናወጥም፤ ለአፍታ እንኳ ቢናወጥ አንጎሉ ሊደማ ይችላል። አያትህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብራችሁ ብትቆይ ደግሞ ለሁላችሁም ይበጃል።

የቀረው የአባትህ ነገር ነው። ይቅርታ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አይደለም። አንዳንድ ሰው ይቅር ብሎ ይድናል፤ አንዳንዱ ተገፍቶ «ይቅር ብያለሁ» ካለ በኋላ ቁጣውን ወደ ሚስቱ ያዞረዋል። እኛ አገር ሽማግሌውም፣ አበጋር የሚባለው የወሎ አስታራቂም ሲያስታርቁ በዳይ በደሉን ሳያምን ዕርቅ አይጨርሱም፤ አንተም አባትህ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ እንዲያልፈው የመፍቀድ ግዴታ የለብህም። የታመመን ሰው መጠየቅና ይቅር ማለት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን ሳትሸከም የመጀመሪያውን ማድረግ ትችላለህ። አያትህ የሁለታችሁም እናት ናት፤ መሐል ላይ መቆም ለእሷም ቀላል አይደለምና ተቆጥተህ አትመልስላት። «እማዬ፣ ሄጄ እጠይቀዋለሁ፤ ይቅርታውን ግን ጊዜ ስጪኝ» በላት። ለመሄድ ከወሰንክ በጠዋት ሂድ፣ ሳይጠጣ እንድታገኘው። ብቻህን አትሂድ፤ ባለቤትህን ግን በዚህ ወሯ አትውሰዳት፣ የምታምነው አጎት ወይም ጓደኛ ይከተልህ። ለሰዓታት አትቆይ። የድሮውን ነገር ካነሣና የሚያምን ከሆነ ስማው፤ የሚክድ ወይም የሚሳደብ ከሆነ «ይማርህ» ብለህ ተነሥ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት እንቅልፍህ ሊረበሽና ድንጋጤው ሊብስ ይችላል፤ ስለዚህ ደሴ ቀጠሮህን አስቀድመህ ያዝ፣ ጉዞውንም የሌሊት ፈረቃ በሌለብህ ሳምንት አድርገው።